ከግጥሙ በፊት ሲኒው ይታጠብ

በዚህች መጽሔታችን የቡና ግጥም ያልወጣባትን አንዲት እትም ፈልጎ ለሚያሳየን ሰው ሽልማት አዘጋጅተናል። ሽልማቱ አንድ ሲኒ ቡና ነው። የሚቆላው፣ የሚወቅጠውና የሚያፈላው ግን ተሸላሚው ራሱ ነው።

ነገሩ ቀልድ ይምሰል እንጂ ቀልድ አይደለም። የቡና ግጥሞቻችንን ደርድረን ብናያቸው ሁሉም ከአንድ ጀበና የተቀዱ ናቸው፤ ያውም ከሦስተኛው ውኃ። ቄጤማው ይጎዘጎዛል፤ እጣኑ ይጨሳል፤ የጀበናዋ አንገት ከልጅቱ አንገት ጋር ይነጻጸራል፤ ገጣሚው ወንበሩ ላይ ተደላድሎ ያያታል፤ ትቀዳለታለች፤ እሱም አገሩን ይወዳል። አለቀ። ልጅቱ በአንዱም ግጥም ውስጥ አፍ አውጥታ ስትናገር አልሰማንም። ከሰሉን ማን ተሸክሞ አመጣው? ውኃው ሲጠፋ ጄሪካን ይዞ የሚሰለፈው ማነው? ሲኒዎቹስ ከተጠጣባቸው በኋላ ወዴት ይሄዳሉ? ገጣሚያችን እዚህ ላይ ሲደርስ ሦስት ነጠብጣብ አድርጎ ያልፋል።

እኛ የቡና ጠላቶች አይደለንም። ይህን አስቀድመን የምንናገረው «እነዚህ ደግሞ ባህል ሊያጠፉ ተነሡ» የሚሉ ወዳጆች እንዳሉን ስለምናውቅ ነው። ቡና እንጠጣለን፤ በፈተና ሰሞን አቁሞ የሚያሳድረንም እሱ ነው። የምንለው ይህን ነው፤ የምንጠጣውን አናውቀውም፣ የምታፈላልንንም አናያትም። እነዚህ ሁለት ዕውርነቶች ደግሞ ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው። ሥራውን ለሌላ ሰው የተወ ሰው የሥራውን ዕውቀት አብሮ ይተዋል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ማድነቅ ብቻ ነው። አድናቆት ደግሞ ሲኒ አያጥብም።

እስቲ ከተረቱ እንጀምር። ካልዲ የሚባለውን የፍየል እረኛ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ፍየሎቹ ቀይ ፍሬ በልተው ጨፈሩ፣ እሱም ቀመሰ፣ መነኮሳቱ ደግሞ ሌሊት ለጸሎት ነቁበት ይባላል። ይህን ተረት በየግጥሙ «የአባቶቻችን ቅርስ» እያልን እንጠራዋለን። ተረቱ ግን በጽሑፍ ብቅ ያለው እ.ኤ.አ. በ1671 ዓ.ም. ሮማ ውስጥ፣ ናይሮን የሚባል የማሮናዊት ቤተ ክርስቲያን ሊቅ በላቲን ባሳተመው የቡና መጽሐፍ ላይ ነው። እዚያም እረኛው ስም የለውም። ካልዲ የሚለው ቆይቶ የተለጠፈበት ነው። እንግዲህ ከሮማ የመጣልንን ወረቀት አያት አድርገን ስንዘፍንለት ኖረናል ማለት ነው። የሚያናድደው ደግሞ፣ ተረቱን ያነበነብን ሁሉ ከተረቱ የሚበልጠውን ሐቅ አለማወቃችን ነው።

ሐቁ ይኸውላችሁ። አረቢካ የሚባለው ቡና ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1753 ከስዊድናዊው ሊኔየስ ነው፤ ሊኔየስም ከዓረብ አገር ጋር አያይዞ ጠራው። የዱር ዘሩ ግን የሚገኘው በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን ውስጥ፣ በከፋ፣ በኢሉባቦር፣ በቤንችና በሸካ በኩል ነው። ሌሎቹ የቡና ዝርያዎች 22 ክሮሞዞም ሲኖራቸው አረቢካ 44 አለው፤ ምክንያቱም ሁለት የተለያዩ ዝርያዎች ተዳቅለው የወለዱት ስለሆነ ነው። (ይህቺን ነጥብ በየግድግዳው የዘር ንጽሕና የሚጽፉ ሰዎች ሲጠጡ ቢያስቧት ደስ ይለናል። በሲኒያቸው ያለው ዲቃላ ነው።) እ.ኤ.አ. በ1971 የቡናን ፍሬ እያጠቆረ የሚያረግፈው በሽታ አገራችን ውስጥ ሲታይ ገበሬው ሊያልቅለት ደርሶ ነበር። የጂማ ምርምር ማዕከል ሰዎች ከየደኑ በሽታውን የሚችሉትን ዛፎች እየለዩ መረጡ። 74110 እና 74112 የሚባሉት ዝርያዎች እ.ኤ.አ. በ1974 ከመቱ በኩል ከተመረጡት መካከል ናቸው። ዛሬ በስንት ገበሬ ጓሮ ቆመው ይገኛሉ! ለካልዲ ስንት ግጥም ተጻፈ? ለ74110 ግን አንድም ስንኝ አላየንም። ቁጥር ለዜማ አይመችም ይሆናል። ወይስ ገጣሚው ሰምቶት አያውቅም?

«የሦስት ሺሕ ዘመን ባህላችን» የምትባለውም አባባል እንዲሁ ናት። ቡና መጠጣትን በተመለከተ የተረጋገጠው የጥንት ጽሑፍ የሚመጣው ከ15ኛው መቶ ዓመት የየመን ሱፊዎች ነው። በእኛ ደጋማ አገር ክርስቲያኑ ዘንድማ ቡና የሙስሊም መጠጥ ተብሎ ይነወር ነበር፤ ቤተ ክርስቲያንም ትከለክል ነበር። ነገሩ እየላላ የመጣው ወደ 19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ነው። አፄ ምኒልክ ራሳቸው መጠጣታቸው ነገሩን እንዳቀለለው ይጻፋል። ኦሮሞው ግን ቡናን በቅቤ አንጨርጭሮ ሲበላ፣ ሐረሬው የቡናውን ቅጠል ቁጢ ብሎ ሲያፈላ፣ ከፋው ቅጠሉን በቅመም ቀቅሎ ጨሞ ሲጠጣ ኖሯል። እንግዲህ «ባህላችን» ስንል የማንን ባህል ነው? ትናንት ያወገዝነውን ዛሬ «የእኛ» ብለን ስንወስደው፣ ከማን እንደ ወሰድነው ብንናገር ምን ነበረበት?

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ።

በዕለተ ሰንበት ከምሳ በኋላ «ቡና ይፈላ» ይባላል። ይህ ዓረፍተ ነገር አድራጊ የለውም፤ ልብ በሉ። ማን ያፍላው? አይባልም፤ ይታወቃልና። እናት ናት፣ ወይ እኅት ናት፣ ወይ ከገጠር የመጣች የ14 ዓመት ዘመድ ናት፣ ወይም ድሮ ገረድ ትባል የነበረችው፣ ዛሬ «ሠራተኛ» እየተባለች ያው የምትሠራው ልጅ ናት። ስሙ ተለወጠ፤ በርጩማዋ አልተለወጠችም። ጥሬውን ትለቅማለች፣ ታጥባለች፣ ከሰል ታያይዛለች፣ ትቆላለች፣ ዞር እያለች ታሸትታለች፣ ትወቅጣለች፣ ታፈላለች፣ ታሰክናለች፣ ትቀዳለች፣ ውኃ ትጨምራለች፣ እንደገና ትቀዳለች። አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ከአንድ ሰዓት ተኩል በታች አይወጣም። በዚህ ሁሉ ጊዜ እኛ ወንዶቹ ስለ ሴቶች እኩልነት ስንከራከር እንቆያለን። አይተነዋል። እንዲያውም አንዳንዴ ክርክሩ በጣም ከመጦፉ የተነሣ ሲኒ የምታቀብለውን ልጅ «አንዴ ቆይ» እንላታለን።

የሕጉን ነገር ካነሣን፣ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ቅጥርን ከሚመለከታቸው ውጭ አድርጎታል። ይህ ማለት ቡናውን የምታፈላው ልጅ የሥራ ሰዓቷና የዕረፍት ቀኗ በዚያ አዋጅ አልተጠበቀም ማለት ነው። የሕግ ፋኩልቲ ልጆች ይህን ከእኛ በተሻለ ያውቃሉ፤ ግን እነሱም የቡና ግጥም ነው የላኩት።

«ተዉ እንጂ! የቡና ሰዓት እኮ ለሴቶች የነፃነት ሰዓት ነው» የሚል ተከራካሪ አለን። ይህ ተከራካሪ ብልህ ነው፤ በግማሽም እውነት አለው። ጎረቤት ከጎረቤት ተጠራርቶ ጠዋት በጓሮ የሚጠጣው ቡና እውነትም ሌላ ነገር ነው። የዕቁቡ ዕጣ፣ የዕድሩ ጉዳይ፣ የማን ባል እንደሚማታ፣ የማን ልጅ ትምህርት እንዳቋረጠ፣ የዘይት ዋጋ የት እንደ ደረሰ፣ ይህ ሁሉ የሚመከረው እዚያ ነው። ስንት ሽማግሌ ያልፈታው ጠብ በቶና ተፈትቷል! ባሎች «ወሬ» ብለው የሚያንቋሽሹት ይህን ስብሰባ ነው። ለምን ያንቋሽሹታል? ስለ እነሱ ስለሚወራበት ነዋ። እኛ ይህን ቡና አልነካነውም፤ ማንም እንዲነካው አንፈቅድም። ነገር ግን በዚያ ቡና ሁሉም አፍይ፣ ሁሉም ጠጪ ናት፤ ዛሬ በአንዷ ቤት ነገ በሌላዋ ቤት ተራ አለው። እኛ የምንነቅፈው ተራ የሌለውን ቡና ነው። ተከራካሪያችን የአንደኛውን ክብር ለሌላኛው መሸፈኛ ያደርገዋል። ይህ ትክክል አይደለም።

ወደ ዕውቀቱ እንለፍ። እዚህ ላይ ብዙ እንቆያለን፣ ምክንያቱም የምንወደው ክፍል ነው።

ቡና ሲቆላ ምን ይሆናል? ጥሬው አረንጓዴ ነው፤ ውስጡም ከመቶ 10 እስከ 12 ያህል ውኃ አለው። ሲሞቅ መጀመሪያ ይገረጣል፣ ወደ ቢጫ ይሄዳል፣ ገና የሣር ሽታ አለው። ቀጥሎ ይቀላል፣ የዳቦ ሽታ ያመጣል። ከዚያ ይንጣጣል። ወደ 200 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ውስጡ የታመቀው እንፋሎት ፍሬውን ሰንጥቆ ይወጣል። ከዚያ በላይ ከቆየ ለሁለተኛ ጊዜ ይንጣጣል፣ ይጠቁራል፣ ዘይቱ ወደ ላይ ይወጣል። በመጀመሪያውና በሁለተኛው መንጣጣት መካከል ያለችው ጊዜ አጭር ናት፤ የቡናው ጠባይ ሁሉ የሚወሰነው በእርሷ ውስጥ ነው። ቶሎ ከወረደ ይኮመጥጣል፣ የመጣበት አገር ጣዕም ግን ይሰማል። ከቆየ ይመራል፤ የሲዳማውም የሐረሩም አንድ ይሆናል፤ የሚሰማው ቃጠሎው ብቻ ነው።

ይህን የላቦራቶሪ ሰው በቴርሞሜትር ያውቀዋል። እናቶቻችን በጆሮና በአፍንጫ ያውቁታል። «ይብቃው፣ ተንጣጣ» ትላለች፤ ዲግሪ አልጠየቀችም። ምጣዱን አንሥታ እንግዳውን ስታሸትት ለወግ ብቻ ይመስለናል። ስንቶቻችን ነን ያንን ጢስ በእጃችን ወደ አፍንጫችን ስበን «እሰይ» ብለን፣ ምን እንዳሸተትን ግን መናገር የማንችል? ሴትዮዋ የምታውቀውን ጠይቀን ብንጽፍ ኖሮ ስንት ገጽ በሞላ። ገጣሚው ግን አንገቷን ያያል።

ወቀጣውም እንዲሁ። የተቆላ ቡና ከተፈጨ በኋላ ሽታው ቶሎ ይበናል። ሙቀጫና ዘነዘና አድካሚ ቢሆኑም የሚወቀጠው ሊፈላ ሲል ነውና ጥቅም አላቸው። ለሳምንት የሚሆን ተፈጭቶ በፌስታል የተቀመጠ ቡና ግማሽ ነፍሱ ወጥታለች። መድከሙ ከበዛ የእጅ ወፍጮ አለ፤ ወንዶች ክንድ አላቸው አይደል? ጀበናው ደግሞ የራሱ ሥርዓት አለው። ገንፍሎ ወደ አንገቱ ሲመጣ ይወርዳል፣ ይመለሳል፣ በመጨረሻ ዘንበል ብሎ ይሰክናል። አተላው ይቀመጥ ዘንድ ነው። የሚቸኩል ሰው አተላ ይጠጣል። ሐኪሞች እንደሚሉት ደግሞ ሳይጣራ የፈላ ቡና በውስጡ ያለው ቅባት በደም ውስጥ ኮሌስትሮልን ከፍ የማድረግ ጠባይ አለው፤ ማስከኑ በመጠኑ፣ በወረቀት ማጥለሉ ደግሞ ይበልጥ ይቀንሰዋል። ሌላም አለ። ንቃት የሚሰጠው ካፌይን በአብዛኛው ከአቦሉ ጋር ይወጣል። በረካው ቀለምና ምርቃት ነው። በየቤቱ አቦል ለማን ይቀዳል? ለአባወራውና ለእንግዳው። የሠራችው በመጨረሻ ነው የምትቀምሰው። ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት የተነሣችው ግን እሷ ነበረች።

የምንጠጣው ቡናስ የትኛው ነው? እዚህ ላይ ግጥም የሚጽፈውም የማይጽፈውም አብሮ ይስማን። አገራችን ከምታመርተው ቡና ግማሽ ያህሉ እዚሁ ይጠጣል። ነገር ግን ለብዙ ዘመን ጥሩው ለውጭ ምንዛሪ ሄዶ ለአገር ሰው የቀረው ግርዱ ነው፤ የተሰበረው፣ የተነቀዘው፣ ሳይበስል የተለቀመው። በደርግ ጊዜ ቡና ይዞ ኬላ ማለፍ ያስፈትሽ ነበር። በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 602 ደግሞ ለውጭ ገበያ የሚሆነውን ቡና አገር ውስጥ መሸጥን ከለከለ፤ በ2009 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1051 ተተካ። ምንዛሪ አያስፈልግም አላልንም፤ መድኃኒትም ነዳጅም የሚገዛው በእሱ ነው። ነገር ግን «የቡና መገኛ» እየተባለ ፖስተር የሚለጠፍለት ሕዝብ የራሱን ምርጥ ቡና ጣዕም ሳያውቅ መኖሩ ለምን አያስቆጣንም? እናቶቻችን ቡናውን እስኪጠቁር የሚቆሉት ምናልባት ለዚህም ይሆናል። የተነቀዘን ፍሬ ጣዕም ቃጠሎ ይሸፍነዋል፤ ቃጠሎውን ደግሞ ስኳር ይሸፍነዋል። በአንዳንድ ቡና አምራች ቀበሌ ገበሬው እሸቱን ለቅሞ ይሸጣል፣ ጀንፈሉን ይሸጣል፤ ለራሱ ገለባውንና ቅጠሉን ያፈላል። ቅጠሉን ወድዶ የሚጠጣው እንዳለ ከላይ ተናግረናል፤ ፍሬው ስለተሸጠበት የሚጠጣው ግን ሌላ ነው። ሁለቱን አንድ አድርጎ «የገበሬው ጥበብ» ማለት ድህነትን መቀባባት ነው።

እንግዲህ ሌላ ዓይነት ሰውም መጥቷል። በከተማው ባሉት አዳዲስ ቡና ቤቶች ተቀምጦ ይርጋ ጨፌውን «የጽጌ ሽታ አለው፣ የሎሚ ሽታ አለው» እያለ በማንኪያ የሚመጠው ነው። ብዙዎች ይስቁበታል። እኛ አንስቅበትም። የሚለው እውነት ነው፤ በደንብ የታጠበና በልኩ የተቆላ ይርጋ ጨፌ እውነትም እንዲያ ይሸታል። ቅምሻ ሙያ ነው፣ ለዓመታት ይጠናል። የምንጣላው ይህ ዕውቀት ከቡና ቤቱ በር ወደ ውስጥ ብቻ መቅረቱ ነው። ያው ሰው ቤቱ ሲገባ «ቡና ይፈላ» ይላልና። ምላሱ ሠልጥኗል፤ እጁ ገና ነው።

ስለ ሻይ ባጭሩ። ሻይ ዘመድ የሌለው መጠጥ ሆኖ ቀርቷል፤ ግጥም የለው፣ እጣን የለው። ውሽውሽና ጉማሮ አገራችን ውስጥ እንደሚበቅልም የማያውቅ ተማሪ አለ። በየቤቱ ቅጠሉን ግማሽ ሰዓት ቀቅለን፣ ቀረፋና ቅርንፉድ ጨምረን፣ በስኳር እናጠፋዋለን። ቅመሙ ክፉ አይደለም፤ ቅጠሉን ግን ከፈላ ውኃ ውስጥ ከአራትና አምስት ደቂቃ በላይ ማቆየት ጣኒኑን አውጥቶ ምላስ ያጨማድዳል። ቅመሙን አስቀድሞ ቀቅሎ ቅጠሉን በመጨረሻ መጨመር ነው፤ ሌላ ወጪ የለውም። ከሁሉ የሚከፋው ግን ሰዓቱ ነው። ሻይም ቡናም ከምግብ ጋር ወይም ወዲያው ከምግብ በኋላ ሲጠጡ፣ በጤፍና በሽሮ ውስጥ ያለው የብረት ማዕድን ወደ ደም እንዳይገባ በብዙ ያግዳሉ። አንድ ሰዓት ያህል መቆየት ይበቃል። በደም ማነስ የሚቸገሩት ይበልጡን ሴቶች ናቸው፤ በተለይም ነፍሰ ጡሮች። እንጀራውን የጋገረችው፣ ወጡን የሠራችው፣ ሻዩንም ወዲያው የምታቀርበው ያችው ሴት ናት። ይህን ማወቅ ባህል ያጠፋል የሚል ካለ ይምጣና ይከራከረን።

ከሰሉንም አንርሳ። አንድ ክፍል ቤት ውስጥ መስኮትና በር ዘግቶ ከሰል ማያያዝ ለመዓዛው ደስ ይላል፤ ሽታም ቀለምም የሌለው የከሰሉ መርዝ ግን ይገድላል። ከከሰሉ አጠገብ ጎንበስ ብላ የምትቀመጠው ማን እንደሆነች ደጋግመን አንናገርም።

ታዲያ ምን ይደረግ? ወዳጆቻችን ሁልጊዜ የሚጠይቁን ይህንን ነው፤ ትልቅ መርሐ ግብር ይጠብቃሉ። እኛ የምንለው ትንሽ ነው። እረፍት ስንወጣና ቤታችን ስንገባ በመጀመሪያው እሑድ ወንዶቹ እንቁላ። ይቃጠልብን። አባት ይቆጣ፣ እናት ትሳቅ፣ ጎረቤት «ልጁን ምን ነካው?» ይበል። ምጣዱን ከእናታችን እጅ ስንቀበል ዝም ብለን አንቀበል፤ «ይብቃው የምትይው መቼ ነው?» ብለን እንጠይቃት፤ መልሷንም እንጻፈው። ሲኒውን እንጠብ። አቦሉን ለእሷ እንቅዳላት፤ እምቢ ካለች ደግሞ ለምን እምቢ እንዳለች እናስብበት።

ለአዘጋጅ ኮሚቴው ደግሞ አንድ ሐሳብ አለን። ከእንግዲህ የቡና ግጥም ይዞ የሚመጣ ሁሉ ከግጥሙ ጋር ሦስት ጥያቄ ይመልስ። ቡናው ሲንጣጣ ስንት ጊዜ ሰማህ? ጥሬው ከየትኛው ወረዳ ነው? ሲኒዎቹን ማን አጠባቸው? ሦስቱንም ለመለሰ ግጥሙ በፊት ገጽ ይውጣለት። ለማባዣ ወረቀቱ የሚጎድል ገንዘብ ካለ እኛ እናዋጣለን።